ቁልፍ

በእኛ ደሴት ዝናብ ከላይ አይወርድም፤
በጎን ነው የሚመጣ፣ ጃንጥላ አይፈራም።
በደቡብ ቺሊ ጥግ፣ ባሕር ሸርፎ በተወው፣
ቤቱ ሁሉ እንጨት ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑም ያው፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት ለብሶ፣ ምስማሩም እንጨት ነው።

ከዚህ ነው እንግዲህ፣ አንድ ሰኞ ሲነጋ፣
እህቴ ሚላራይ የቀረችው ካልጋ፣
ፊቷን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባዋን ወደኛ።

ያመማት የት እንደሁ ጠየቅናት፤ «የትም» አለች።
ማን በደለሽ? ብንላት፣ «ማንም» ብላ ተኛች።
አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ። ያባባን ሹራብ ደርባ፣
አምስት ቁልፍ አለው፣ አንዱም ከቀዳዳው ሳይገባ፣
«ዝጊው» ስትላት እማማ፣ ነፋስ ከደረቷ ሲገባ፣
«ጣቴ እምቢ አለኝ» ትላለች።

አክስቴ ክሌሜንሲያ «እምነት ጎድሏት ነው» አለች፤
ሻማ አብርታ ሄደች።
ሻማው አለቀ። እህቴ አልተነሳች።
ሐሙስ ሐሙስ በጀልባ ሐኪም ዘንድ ወሰድናት፤
የሚዋጥ ክኒን፣ የሚያዳምጥ ሰው ሰጧት፤
ደግ ነው፣ አልንቅም፤ እንቅልፏን መለሰላት።
ግን ማታ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ፣
ከማዶ አልጋ ድምጿ ይመጣል፣ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ላልቶ፦
«ነገ ባልነሣ፣ ለማን ምን ይጎድላል ከቶ?»
እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ።
«ለእኔ» ማለት ነበረብኝ።
አላልኩም። አፈርኩ። ብርድ ልብሱን ሳብኩ በራሴ ላይ።

ዶን ኤላዲዮ መጣ አንድ ቀን ከሰዓት፣
ቄስ በዓመት ሁለቴ ብቻ በሚያያት ደሴት፣
ጸሎት መሪው እሱ፣ ጣሪያ ጠጋኙም እሱ፤
ሰማንያ ሞልቶታል፣ ይጮሃል ሲያነሣ እግሩን።
አልመከረም። ካልጋዋ ጠርዝ አረፈ፣ ተነፈሰ፤
«ደረጃው አርባ ሁለት ነው» አለ፣ «ጉልበቴ ፈረሰ።
ጉም ሲወርድ ደወል የሚመታ ሰው የለኝ፤
የሚመለሱ ጀልባዎች አሉ። አንቺ አግዢኝ።»
ቁልፍ ትቶላት ሄደ፣ የዛገ፣ በመዳፏ፤
ምንም አላለችም፤ ቃል አልወጣም ካፏ፤
ግን ጨብጣው አደረች።

ሦስት ቀን ዝም። ባራተኛው ሌሊት ጉሙ ወረደ፣
ባሕሩን በላ፣ ወደቡን በላ፣ ደጃፋችንን ወሰደ።
ያልጋዋ ሽቦ ሲጮህ ሰማሁ። በካልሲ ወጣች።
ተከተልኳት።
(ደረጃው ሠላሳ ስምንት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ፤ ሽማግሌው አጋኗል።)
ገመዱን ይዛ ቆመች። «እግዜር» አለች፣ «ይሰማኝ እንደሁ፣
እሱ ያውቃል። እኔ እንኳ፣ እሱን አልሰማሁ።»
ሳበች።
ሳበች፣ ክንዷ እስኪንቀጠቀጥ፤ ሳበች፣ መዳፏ እስኪላጥ።
ከዚያ ከታች፣ ከነጩ ሆድ፣ ቀጭን ድምፅ መጣ፦
ሰው ቆርቆሮ ሲመታ፣ ለደወሏ መልስ ሲያመጣ።
ሩፊኖ ነበር፣ ጎረቤታችን፣ ከሁለት ልጆቹ ጋራ፣
በጆሮው እየቀዘፈ፣ ዓይኑ ምንም ሳያይ።
እህቴ አለቀሰች። ገመዱን ግን አልለቀቀችም።

በማግስቱ ሄዳ ዶን ኤላዲዮን «እምነት ምንድን ነው?» ብትለው፣
«ገመዱን ሞራ ቀቢው» አላት፣ «ሲደርቅ ይበጠሳል።»
ሌላ ቃል አልጨመረም።

ዳነች አልላችሁም።
ክኒኗን ትውጣለች፤ ሐሙስ ጀልባ ትሳፈራለች፤
ግድግዳው የሚጠራት ቀን ዛሬም አለ።
ያን ቀን እኔ እወጣለሁ፣ ሠላሳ ስምንቱን፣
ደወሉን ሆን ብዬ እንደ ድስት ክዳን አንቋቋዋለሁ፤
ከሜዳው ማዶ መስኮት ሲከፈት እሰማለሁ፦
«አንተ! ደወል ነው እንጂ ድስት አይደለም!»
እየተቆጣች ትመጣለች፣ በጭቃው፣ በዚያ ዝናብ፣
አምስቱ ቁልፍ ተቆልፎ፣
ስድስተኛው ባንገቷ ላይ።