ሦስት ክንድ ስፌት

ሌንሱ የኔ አይደለም፤
የጋሽ ተኮላ ነው፣ በቀን አምስት መቶ፣
"ከጫርከው ትከፍላለህ" የሚል ቃል ተገብቶ።

ቅዳሜ፣ ሊነጋጋ ሲል፣
የይመር ሚኒባስ አስነጥሶ ተነሣ፣
ከኋላችን ቀረ ብርዱን ለብሶ ጦሳ።
ዶሮ መዝለያ ላይ ጉም መንገድ ሲዘጋ፣
ይመር አንገቱን አወጣ ከጠርዙ ሊያወጋ፤
"አለህ ወይ አስፋልቱ?" ይላል በመስኮቱ፣
መልሱ ጠጠር ብቻ፣ ጎማ ሥር ጩኸቱ።

ወሬው "ሦስት ፊኛ" ነው፤ "ሰው ይዞ የሚበር፣
ሞተር የሌለበት፣ በእሳት የሚኖር"።
ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁለቱ አልመጡም፣
አንዱ ጉምሩክ ቀርቷል፣ ሌላውን አያውቁም።
የመጣው አንድ ቢጫ፣ ሣር ላይ ተዘርግቶ፣
እንደ ገበያ ሸራ፣ ሰው ዙሪያውን ሞልቶ።
አንድ አዛውንት ጫፉን በጣታቸው ዳስሰው፣
"ይኼ ሁሉ ጨርቅ" አሉ፣ "ስንቱን ባለበሰው!"

እሳቱ አንዴ ጮኸ። ልጆች ተበተኑ።
ጨርቁ ሆዱን ነፋ፣ ቀና አለ ጎኑ፣
ገና በቅጡ ሳይቆም
የቦርከና ነፋስ መጣ፣
ከሽቦው አጥር ጋር አላተመው፤
ቀደደው።
ጣቴ መጫኛው ላይ ነበር። አልተጫንኩም። ደንግጫለሁ።

አብራሪው፣ ቀይ ኮፍያ፣ በራሱ ተናዶ፣
"ሰፊ የለም?" አለ፣ ወደ ሰዉ ሄዶ።
ሰዉ ሳቀበት።
ኮምቦልቻ ቆሞ "ሰፊ የለም?" ማለት
ወንዝ ዳር ሆኖ ውሃ እንደ መጠየቅ ነው፤
ግማሹ ተመልካች ከስፌት ፈረቃ ነው የወጣው።

ሰዓዳ ወጣች።
ሻርፕዋን አጠበቀች፣ መርፌ ከቦርሳዋ፣
ሰባት ዓመት ሙሉ የሱሪ ኪስ ሲሰፋ የኖረ ጣትዋ።
"የሰፋሁትን ለብሶ ያየሁት ሰው የለም፤
ይኼንንስ አያለሁ" አለች፣
ጫማዋን አውልቃ
ጨርቁ ሆድ ውስጥ ገባች።

ተከትዬያት ገባሁ።
ምን ልበላችሁ፤
ውስጡ የተላጠ ብርቱካን ነበረ፣
ብርሃን በጨርቁ ተጣርቶ የቀረ፤
ግንባሯ ቢጫ፣ ክሯ ቢጫ፣
ጉልበቷ ሥር ሣሩ ቢጫ፣
ከውጭ የሚያልፍ ሰው ጥላው ግድግዳው ላይ ይሄዳል፣
ሲርቅ ይሳሳል፣ ሲጠጋ ይገዝፋል።
እኔ አነሣለሁ፤ እሷ ትሰፋለች።
"እጄን ነው የምታነሣው?" አለች።
"እጅሽን።"
"ፊቴስ ምን አጠፋ?" ስትስቅ መርፌው ወጋት፤
አውራ ጣቷን አየች፣ ቀጠለች፣ ረሳችው።
ሦስት ክንድ ስፌት፣
ከዙሁር አዛን በፊት።

እሑድ ንጋት። ነፋሱ ተኝቷል።
አብራሪው "የሰፋችው ትውጣ" ብሏል።
ቅርጫቱ ውስጥ ቆመች፣ ገመዱን ጨብጣ፣
ከንፈሯ ይነበባል፣ ቢስሚላህ ሲወጣ።
ምድር ለቀቀቻት።
ከፋብሪካው ጣሪያ፣ ከባሕር ዛፉ በላይ፣
ሜዳው ሁሉ አንገት ሆነ፣ የዞረ ወደ ሰማይ።

የኔ ካሜራ ግን "ካርድ ሞልቷል" ይላል።
ትናንት ያነሣሁት አራት መቶ እጅ ነው፤
ልደመስስ ብዬ፣ አንዱንም አልቻልኩ፣
ጣቴ እምቢ አለኝ።
"አንሣ እንጂ! አንሣ!" ይመር ይጮኻል፣
ትከሻዬን ይዞ ይወዘውዘኛል።
አላነሣሁም። በባዶ ዓይኔ አየሁት፤
ስፌቱን ፈለግሁ፣ ከሩቅ አጣሁት።

ስትወርድ ከበብናት።
"ቤታችን ይታያል?" ይላል ታናሽ ወንድሟ፤
"ደሴስ? ቦርከናስ ከላይ እባብ ይመስላል?"
አንገቷን አሸች፣
እንደ ማፈር አለች፤
"እኔ ምን አየሁ" አለች፣
"ቀና ብዬ፣ እስክንወርድ ድረስ፣
ስፌቱን ሳይ ነው የቆየሁት።"

ማታ ደሴ ገባን።
ጋሽ ተኮላ ሌንሱን በአምፖል ሥር ያዟዙራሉ፣
"ታዲያ ፊኛው የታል?" ይላሉ፣
እጅ፣ ሌላ እጅ፣ ደግሞ እጅ ያልፋሉ።
አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤
መነጽራቸውን አውልቀው፣ መልሰው አጠለቁ።
"ይቺ ቀይ ነጥብ ምንድናት?
ሌንሴን ምን አደረግኸው?"