የት ያድራል?

ሦስተኛዋ ናት ይቺ፤ ግንባረ ቦቃዋ፣
ከግልገሏ ጋራ፣ ከነቃጭሏ።

ውሻው አልጮኸም።
ዝም ብሎ ገብቶ ከአልጋችን ሥር ተኛ፣
ጠዋትም አልወጣም፤ አፈረ መሰለኝ።
«ጅብ ቢሆን በጮኸ» አለችኝ ባለቤቴ፣
«ይኼስ ነብር ነው።» ቁር ገባ ካንጀቴ።

በረቱ ድንጋይ ነው፣ ቁመቱ እስከ ደረት፤
አንዲት የጥፍር ጭረት ካቡ ላይ ቀርታለች፣
ከዚያ ወዲያ ጓሳው፣ ነፋሱ፣ ውርጩ፣ መሬት።

መሐል ሜዳ ወጣሁ በገበያው ዕለት
ምክር ልለቃቅም ከአረቄ ቤት።
ምክርማ ሞልቷል! መለኪያው ሳይጎድል
አንዱ ያንዱን ጥይት በነገር ሲገድል።

«ክላሽ ነው» አለ ደምሰው፣ የቀድሞው ወታደር፣
«ሠላሳ ይጎርሳል፤ ሃያ ዘጠኝ ብትስት
በአንዷ ትድናለህ፤ እኛም እንዲሁ ነበር።»

መምህር ኅሩይ ግን መነጽሩን ጠርጎ፣
ጥይትን በቁጥር፣ በነጥብ አድርጎ፦
«አምስት ነጥብ አምስት ስድስት ይሻልሃል፤
ቀጭን ነው፣ ፈጣን ነው፣ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣
ቆዳውን አይቀድም።»
ቆዳውን ምን ላድርግ?
የነብር ለምድ ልልበስ? በየትኛው ማዕረግ?

አጎቴ ጥላዬ ጠረጴዛ መታ፦
«ምኒሽር! ምኒሽር! ወንድ ያነሣው ለታ
ግንድ በስቶ ይወጣል፣ ድንጋይ ይፈነክታል፤
ነብር ምናባቱ! ስሙን ሲሰማ ይሞታል።»
(ያ ምኒሽር እኮ ተሽጧል በጥንት ዘመን፤
ስሙን ይተኩሳል አረቄ ሲለምን።)

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ሰደፍ ጠጋኙን፣
ጋሽ ሽዋንግዛውን፣ አገኘሁት ብቻውን።
ቁርበት ዘረጋና አምስት ጥይት ደረደረ፣
ከወፍራም እስከ ቀጭን፣
በዕድሜ እንደተቀመጡ ወንድማማቾች።
አንዱንም ሳያነሣ ወደ እኔ ቀና አለ፦
«አውሬው ይቅርና፣
ከበረትህ ማዶ
ማነው ያለ?»

«በምሥራቅ ጉብታ ነው። በሰሜን ገብስ አለኝ።
በምዕራብ...» ምላሴ አፌ ውስጥ ተያዘች።
በምዕራብ የእትዬ የሺመቤት መስኮት፣
የኩራዟ መብራት።

«ሰው ሁሉ ሲመጣ ስለ አውሬው ያወራል፤
ቁመቱን፣ ጥፍሩን፣ ዓይኑ እንደሚያበራ።
ጥይቱ አውሬውን ካለፈ በኋላ
የት ያድራል?
ይህንን የጠየቀኝ እስካሁን አልመጣ።»

ከዚያም ዝግ ብሎ፦
«የኔ ውጅግራ ነበር። አንድ ጅብ፣ አንድ ጥይት።
ጨለማ ነው፤ ሳብኩት።
ጅቡ ወደቀ።
ጥይቱ አልወደቀም።»

ቀሪውን አልነገረኝ። እኔም አልጠየቅኩት።
ግን ትዝ አለችኝ እትዬ፣ ከልጅነቴ አንሥቶ
ውኃ ስትወርድ፣ እንስራዋን ስታዝል
በቀኝ እጇ ብቻ ገመዱን ስትይዝ፣
ግራው በነጠላዋ ተሸፍኖ፣ ተረስቶ።

የሰጠኝ ዲሞትፎር ነው፣ ዕድሜው ከአባቴ የሚልቅ፣
ሁለት ጥይት ብቻ። «ሦስተኛው ያባልጋል»
አለኝ። «ደግሞም አስቀድመህ
በረትህን ከጉብታው ሥር አዛውር።»

ሦስት ሳምንት ፈጀ። ድንጋይ በድንጋይ ናድኩት፣
ድንጋይ በድንጋይ ከጉብታው ሥር ካብኩት።
ሰፈሩ ሳቀብኝ፦ «ነብሩን መግደል ትቶ
ቤት ይሠራለታል!» አለ ደምሰው፣ ሊያየኝ መጥቶ።

በአራተኛው መጣ። ጨረቃ ግማሽ ነበረች።
ካቡ ላይ ቆመ፤ ረጅም፣ ዝም ያለ፣
ጀርባው ላይ ውርጩ የሚያብለጨልጭ።
ከኋላው ጉብታው፣ ጥቁር፣ የማንም ያልሆነ።
ሳብኩት።

ሲነጋ፣ በጎቹን ስትቆጥር ባለቤቴ
«መታኸው?» አለችኝ።
«ጉብታውን» አልኳት።
ጥይቱ እዚያው አድሯል፣ ጣት በምታህል ቀዳዳ፤
ነብሩ የት እንዳደረ የጓሳው ጉዳይ ነው።
ተኩሱ የቀሰቀሳት እትዬ የሺመቤት
በመስኮቷ ብቅ ብላ፣ ቀኝ እጇን አንሥታ
የሆነ ነገር አለችኝ፤
ነፋሱ ወሰደው።