አምስት ሜትር

መሐል ሜዳ፤ ስምንተኛ ክፍል፤ ከምሳ በኋላ።
ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያርገበግበው፣ ምስማሩ ሲላላ፣
መምህር ወንድይፍራው ካርታውን ሰቀለ፣
ዳር ዳሩን አይጥ የበላው፣ መሐሉ የቆሰለ።
«ይህ ሰማያዊው ሁሉ ውሃ ነው» አለና
በአርጩሜው ጫፍ ፈለገ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ቀና፤
«ይቺ ናት ቶኬላው።»
እኛ ያየነው የዝንብ ኩስ ነው።
በጥፍሩ ፋቅ አደረገው፤ አልለቀቀም።
«አገር ነው» አለን። ከማስረሻ በቀር ማንም አልሳቀም።

ሦስት የኮራል ቀለበት፣ መሐላቸው ሐይቅ የተኛባቸው፣
ሺህ አምስት መቶ ግድም ነፍስ የሚኖርባቸው፤
አውሮፕላን አያርፍም።
መርከብ ከሳሞኣ ቀንና ሌሊት ተጉዛ ትመጣለች፣
እንደ ባለጉዳይ ከውጭ ቆማ ደጅ ትጠናለች፣
ዱቄቱን፣ ሐኪሙን፣ ደብዳቤውን በታንኳ ትሰዳለች።

«ምን ይበላሉ?» አለች እታለማሁ።
«ዓሣና ኮኮነት።» እሱም ኮኮነት ቀምሶ እንደማያውቅ ከፊቱ አየሁ።
«ምን ይሸጣሉ?»
«ባሕራቸውን። ቱና የሚያጠምድ የሰው አገር መርከብ ለፈቃድ ይከፍላል፤
የጎደለውን ኒውዚላንድ ይሞላል።»
«እንደ ሴፍቲኔት?» አለ ማስረሻ።
መምህሩ አሰበና፣ «ይመስላል።»

ዋና ከተማ የላትም።
መሪነቱ እንደ ጽዋ ማኅበር በየዓመቱ ቤት ይለውጣል፤
ዘንድሮ ከዚች ደሴት፣ ለከርሞ ከዚያች ይወጣል።
የቀየው ነገር በሽማግሌ ይቆረጣል።
ጀልባዎቹ ሲገቡ ዓሣው አሸዋ ላይ ይፈሳል፣
የየቤቱ ሰው ተቆጥሮ፣
ባሕር ላልወረደውም፣ ለመበለቲቱም ይደርሳል።

ያኔ ጓሳ ትዝ አለኝ፤ አባቴ ሲያወራው፣
ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ የሚያስጠብቅ አባ ቄራው፤
ቀኑ ሲቆረጥለት ሁሉም ማጭዱን ይዞ
ባንድ ጠዋት ይገባል፣ ባንድ ማታ ይወጣል ሣሩን አግዞ።
እጄን አላወጣሁም። ደብተሬ ዳር ላይ ብቻ ጻፍሁ፦
ዓሣ። ሣር።
አንዲቷን ሣ ተካፍለዋታል።

«ራሳችሁን ችላችሁ ትቆማላችሁ ወይ? ተባለ፤
ሁለት ጊዜ ድምፅ ሰጡ፣ ሁለት ጊዜም ለጥቂት ጎደለ።»
«ለምን?»
ጠመኔውን አገላበጠ። «መጽሐፉ አይልም» አለ።

«ከፍተኛው ቦታ» ብሎ ቀጠለ፣ «አምስት ሜትር ነው።»
ዝም አልን፣ ከሦስት ሺህ በላይ የተሰቀልነው።
«ውሃው ከፍ ካለስ?» አለች እታለማሁ።
ደወሉ ነው የመለሰላት።

ወጣን። በጓሳ ገመድ አምስት ሜትር ለክተን
ከግቢው ባሕር ዛፍ ላይ (ስሙ ራሱ ከባሕር የመጣ)
ማስረሻ ምስማር መታ፣ እኛ ከሥር ገመዱን ወጥረን።
«ምን ትለካላችሁ?» አሉ ጋሽ ቀፀላ፣ ዘበኛው።
«አገር።»
ነገርናቸው። ጋቢያቸውን ሰብስበው ምስማሩን ሽቅብ አስተዋሉ፤
«ከፍታ ነው የቸገራቸው? ከፍታማ እኛ ጋ ሞልቷል፣
የሚበላ ቢሆን!» አሉ።

ያ ዛፍ ዛሬ እጥፍ ሆኗል፤ ምስማሩ ግን እዚያው ነው፣
ዛፍ ከጫፉ ነው የሚያድገው።
ካርታውን አሁን የምሰቅለው እኔ ነኝ።
በነሐሴ፣ ከሰዓት ላይ፣ ጉሙ ከቆላ ይነሣል፣
ሜዳውን ይሸፍናል፣ አጥሩን ይረሳል፣
የባንዲራውን እንጨት እስከ ወገቡ ይውጣል፣
ግንዱን ጨብጦ ቀስ እያለ ይወጣል።
ልጆቹ ሲገለብጡ በመስኮት እመለከታለሁ፦
ከምስማሩ ሁለት ክንድ ቀረው።
አንድ ክንድ።
ስንዝር።