የወንበር ልብስ

መኪና ግርግር ላይ ሦስተኛው ሱቅ የኔ፣
ሲንጀሬ ስትጮኽ ነው የሚነጋው ለዓይኔ።
እዚህ «መኪና» ሲሉ ስፌት ነው የሚገባን፣
ከባለጎማዋ ጋር ወግ መቼ ተግባባን።

አንድ ቀን ከድሬ ላቡን እየጠረገ መጣ
ካሜራ ያዘለ ጎረምሳ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ።
«አቦ አብዱልዋሲ፣ ልብስ ስፋልኝ አንድ።»
«ለማን?»
«ለወንበር ነው። ወንበሩ ግን ወንድ።»

የቴሌቪዥን ነው አለኝ፤ ተከታታይ ድራማ፤
የሰው ቋንቋ አውቃ የምትናገር፣ የምትሰማ፣
የምትቆጣ ፔጆ፣ ሌባ የምታሳድድ፣
ያለ ሹፌር ወርዳ በሸዋ በር መንገድ።

ሸምሰዲንን ለካሁት፦ ትከሻ፣ ክንድ፣ አንገት፤
ለሙሽራ እንኳ እንዲያ ተጠንቅቄ አላውቅም በውነት።
ክር ነው፤ ቀጭን። ድሮ ከፈረስ መጋላ
ይህችኑ ፔጆ ነበር የሚነዳት። የሱ ነበረች፤
በዕዳ ሄደች።
አሁን በቀን ሂሳብ ወንበሯ ሊሆን ተቀጠረ።

አናቱ ላይ ወንፊት ሰፋሁ፣ መንገዱን እንዲያይበት፤
ግራጫ ቆዳ አልብሼ ጀርባውን በዚፕ ዘጋሁበት።
ሁለት ጣቱ ብቻ ከሥር መሪውን ነክሰው ይዘዋል፤
ሰው የት ነው? ብትሉኝ፣ እኔ ራሴ ይጠፋኛል።

ድምጿስ?
ድምጿ ድሬ ነው፣ ከዚራ። አቶ ዘርጋው ይባላል፤
በባቡር ጣቢያው የመነሻ ሰዓት ሲያውጅ ኖሯል።
ባቡሩ ቆመ፣ ድምፁ ግን አልቆመለትም።
በዚያ ወበቅ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቶ፣
በካፖርቶች መሐል ሌሊት ሌሊት ይቀዳል።
«ወደ ግራ ታጠፍ» ይላል፤
የቱ ግራ እንደሆነ አያውቅም።
ፔጆዋን አይቷት አያውቅም፤ ሸምሰዲንንም።

ያን ሰሞን ጀጎል አበደ!
ፔጆ ባዶዋን ስትወርድ
ዘንቢል ሻጯ ዘንቢሏን ጥላ «አዑዙ ቢላህ!»፣
ልጆች ኮፈኗን እየሳሙ «ስምሽን ንገሪና!»
የልጄ ልጅ ረምላ በጭስ ማውጫዋ ተጎንብሳ
የሂሳብ ፈተና መልስ ስትጠይቃት አገኘኋት።
ዝም አልኩ። ወንበሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ እንዴት ልበላት?

የመጨረሻው ቀን ደንገጎ ላይ ነበር፤ ቀትር።
ዚፑ ተበላሽቶ በእጄ በክር ሰፍቼ ዘግቼው ነበር።
«ምሳ!» አሉ፤ ካሜራው ቆመ፤ ሁሉም ወደ ሩዙ ሄደ።
እኔም ሄድኩ። ይህን አልደብቅም፣ እኔም ሄድኩ።

ስንመለስ ሰው ተኮልኩሏል።
ከፔጆዋ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣
«ውሃ» አለ።
አጨበጨቡ።
«ሰማችሁ? ተናገረች!» «አቦ ድገሚው!»
«ውሃ... ያ ጀማ... ውሃ...»
ሳቁ፣ ፉጨቱ፤ አንዱ ደግ ሰው እየሮጠ መጣ፣
ሐረር ቧንቧ ከደረቀ ሁለት ሳምንቱ ነው፣
ከራሱ ጀሪካን፣ ጠብታ ሳያባክን፣
ኮፈኗን ከፍቶ ራዲያተሯ ውስጥ ቀዳላት።

የአቶ ዘርጋው ድምፅ አልነበረም።
የሰፋሁትን አውቃለሁ፤ በሱ በኩል ነው የጮኸው።
መቀሱን የት እንዳነሳሁት አላስታውስም።
ከአንገት እስከ ወገብ ቀደድኩት፤
እንደ ጥጃ እርጥብ ሆኖ እጄ ላይ ወደቀ።

ሰዉ ዝም አለ። ረምላ አለቀሰች፤
ለሱ መስሎኝ ነበር።
«ፔጆዋን ገደልካት» አለችኝ።

ያን ክፍል አላሳዩትም። በቴሌቪዥን
ፔጆዋ ደንገጎን ወጥታ፣ በአቶ ዘርጋው ድምፅ፣
«ደህና ነኝ፣ አትስጉ» ብላ አለቀ።

ግራጫው ቆዳ አሁንም ሱቄ ውስጥ ተሰቅሏል።
ደንበኛ ሲዳስሰው «የማን ኮት ነው?» ይለኛል።
ሸምሰዲን አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤
ደጃፉ ላይ ይቆማል፤ ብዙ አያወራም።
ሲንጀሯን አቆማለሁ።
ሳይጠይቀኝ እቀዳለታለሁ።