የእጥበት ክፍሉ መዝገብ

ዋንጫ ካሻችሁ ፎቅ ውጡ፣ መስታወት ውስጥ ተደርድሯል፤
ታሪክ ካሻችሁ ግን ውረዱ፣ እኔ ዘንድ ታጥቦ ተሰጥቷል።

ከማሞቂያው ጎን፣ ከምድር በታች፣
ሠላሳ አራት ዓመት የብራየር ሆሎን ጭቃ ሳጥብ ኖርኩ፤
ከእኔ በፊት ሽማግሌው ስቱፓክ ነበር፣
ከማጠቢያው ጋር ደብተሩን ወረስኩ።

በ1927 ነው።
ፕሮዘር የሚባል የኬሚስትሪ መምህር፣
ከዌልስ የመጣ፣ ሳል የማይለየው፣
የከሰል ቆፋሪ ልጆችን ሰበሰበ፤
ሜዳ ሲጠይቅ ኮሌጁ የሰጠው
የማዕድኑ ጥራጊ የተደፋበትን ነው።
የግብ ቋሚውም ከጉድጓዱ መጣ፣
ዋሻ ሊደግፍ ተቆርጦ የተረፈ።
ቅዳሜ ከሰዓት አባቶች ፊታቸውን ሳይታጠቡ
ዳር ቆመው ሲያዩ፣
ኳሱ እንጨቱን በመታው ቁጥር
ሁሉም ባንድነት ሽቅብ ያንጋጥጣሉ፣
ጣሪያ የተናደ እየመሰላቸው።

ስድስት ተጫውተው ስድስቱን ተሸነፉ።
ሰባተኛውን ዝናብ ከለከለው።
«ቡድናችን» ሲል ጻፈ ፕሮዘር፣
«ዛሬ አልተሸነፈም።»

የ1943 ገጽ ባዶ ነው፤
በእርሳስ «ሰው የለም» ብቻ ይላል።
ግራ ክንፉ ዩራይ ህላቫች ከባሕር ማዶ ሲቀር
እናቱ ማልያውን አጥባ፣ ተኩሳ፣
በሥጋ ቤት ወረቀት ጠቅልላ አመጣች፤
«የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው» ብላ
ስቱፓክን አስፈርማ ሄደች።
ወረቀቱ እስከ ዛሬ አልተፈታም።
ስቱፓክ አልደፈረም፤ እኔም እጄ አልሄደልኝም።

1961 ላይ ደብተሩና መጽሔቱ ይጣላሉ።
መጽሔቱ እንዲህ ይላል፦
ደቡብ ሄደው፣ ሆቴሉ ኦርቪል ቲንስሊን
«ጥቁር አናሳድርም» ሲለው፣
አሥራ ስምንቱም አውቶብስ ውስጥ አደሩ።
ደስ ይላል ሲነበብ። ስቱፓክ ግን ማልያ ይቆጥራል፦
«አሥራ ስድስቱ እንደ ትራስ ተጨማደው መጡ፣
ሁለቱ እንደታጠፉ ናቸው።»
ቁጥራቸውንም ጽፏል።
አንደኛው የአምበሉ ነው፤
የምሥራቁ ተመልካች መቀመጫ ዛሬ በስሙ ይጠራል።
ሰው ይሸሽጋል፤ ልብስ ግን ይናገራል።

ፎቅ ያለው ዋንጫ የ1976 ነው።
ስለሱ እዚህ ምልክት የለም፤
አሸናፊዎቹ ማልያቸውን ለመታሰቢያ ይዘው ጠፉ፣
የሚታጠብ አልነበረም።

ይህኛውን ግን በዓይኔ ያየሁት ነው።
1994፣ ግማሽ ፍጻሜ፣ በገዛ ሜዳችን፣
ሬጂስ ማልኪን ፍጹም ቅጣት ምቱን ወደ ሰማይ ላከው።
«ኳሷ ገና አልወረደችም» ይላል ከተማው እስካሁን።
ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት በሬን ከፍቶ ገባ፤
አላለቀሰም። ከማድረቂያው ያወጣሁትን
ካልሲ ከካልሲ ሲያጋጥም አነጋ።
አሁን ጥርስ ሐኪም ነው። እጁ አይንቀጠቀጥም።

ባለፈው ጥቅምት ደብዳቤ መጣ።
የወንዶቹ ቡድን ተዘግቷል፤ በጀት ይላል፣
ምስጋና ይላል፣ በአሥራ አንድ መስመር
ዘጠና ምናምን ዓመት ያሰናብታል።

የመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ለሁለት ነበር፤
ማንም አልዘመረ፣ ማንም አልተጣላ።
ማልያውን እጠብ ያለኝ አልነበረም። አጠብኩት።
ውሃው ጠቁሮ ወረደ፣
ያው የድሮው ጥራጊ፣ አባቶች ፊት ላይ የነበረው።

ሜዳው አሁን አስፋልት ነው፣ መኪና ያድርበታል።
የማልኪን ክሊኒክ ከመንገዱ ማዶ ነው፤
ጠዋት ጠዋት ይመጣል፤
ባዶ ቦታ ሞልቶ ሳለ፣
ከሰሜኑ ግብ አሥራ አንድ ሜትር በሚሆነው ላይ
ወደ ኋላ፣ ወደ ፊት እያለ፣ አስተካክሎ ያቆማታል።
አልጠየቅሁትም።