ሁለት ዓምድ

የኦዴት ደብተር ሁለት ዓምድ አለው፤
ግራም ቀኝም በሳንቲም ነው።
በግራ የሐይቁ በረዶ ውፍረት፣
በቀኝ የአልማዝ ፈላጊው ኩባንያ፣ የአንዲት አክሲዮን ግምት።
ግራውን የጀመረው ሟቹ ባሏ ነበር፤
ፊሊክስ፣ የሎናይፍ ያፈራው ሾፌር፣
ሐይቅ ላይ መንገድ ሳይለካ የማይደፍር።
ቀኙን እሷ ጀመረች፣ ከፖስታ ቤት ጡረታ በወጣች ማግስት፣
በስምንት ሳንቲም ሂሳብ አሥር ሺህ ገዝታ በአንዲት ጠዋት።

አሥራ አራት ዓመት ጽፋ ያየችው ይኸው ነው፦
ሐይቁ ሲረጋ
ዋጋው ሲናጋ።

ታኅሣሥ ላይ፣ የፈረንጁ ዓመት ሲያልቅ፣ ግብር ሲቃረብ፣
የከሰረ ሁሉ ይሸጣል፣ ኪሳራውን ለሰብሳቢው ሊያቀርብ።
ሦስት ሳንቲም።
ጥር፣ በረዶው ሜትር ሲሞላ፣
ይቆማል መሰርሰሪያው በሐይቁ ገላ።
ስድስት።
መጋቢት ላይ ወሬ ይመጣል፤ ቀይ ጋርኔት፣ እንደ ሮማን ፍሬ፣
"አልማዝ ካለ እሱ አይጠፋም" የሚል ወሬ።
ቫንኩቨር ያሉት፣ ሐይቁን በካርታ እንኳ ያላዩቱ፣
ይሻማሉ በየቢሮው፣ ሳይመሽ ቀኑ ሳይነጋ ሌሊቱ።
አሥራ አንድ!
ግንቦት በረዶው ይሄዳል፣ መንገዱም አብሮት ይሄዳል፤
ናሙናው በሣጥን ታሽጎ ቤተ ሙከራ ደጅ ይጠናል፤
የቀለጠው ገበያም
ቀልጦ ይቀራል።

"ታኅሣሥ ገዝተሽ መጋቢት ብትሸጪ" አላት አንድ ቀን
ናርሲስ ማንትላ፣ የመሰርሰሪያው ሠራተኛ፣ ጓንቱን እየነቀለ፣
"ይሄኔ አዲስ ጣሪያ ነበረሽ።" ጣሪያዋን አየ፣ ዝም አለ።
"ከሸጥኩማ" አለች፣ "ቀኙን ዓምድ በምን ልሙላው?"
ሳቀ። ያላሳቀው ነገር ግን እሱም ገብቶታል መሰለው።

ዘንድሮ በጥቅምት ደብዳቤ መጣ።
ኩባንያው ስሙን ቀይሯል።
አልማዝ መፈለግ ትቷል፣ ሊቲየም ይሻለኛል ብሏል፤
አሥሩ አክሲዮን አንድ ሆኗል።
ሁለቴ አነበበችው። መነጽሯን ጠርጋ ደግማ።
አሥር ሺህዋ ሺህ ሆነ፤ ወር ሳይጠብቅ፣ ወቅት ሳይሰማ።
የረጋ ሁሉ ቅቤ አይወጣው ለካ።

ከቀኙ ዓምድ ግርጌ መስመር አሰመረች፣
በማስመሪያ፣ ቀጥ አድርጋ።
ኅዳር ሲገባ ግን፣ ገና ሳይነጋ፣
የፊሊክስን መብሻ ተሸክማ ሐይቁ ላይ ወጣች፣
ተንበርክካ ቀዳዳ ከፈተች፣ ሜትሯን አስገብታ ለካች።
ጣቶቿ እስኪሞቁ ጠብቃ፣ በግራ በኩል፦
"ሠላሳ አራት ሳንቲም።
ከትናንት በሁለት ይበልጣል።"