አራት ነጥብ

በቂርያት ጋት ገበያ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ጎን፣
አርካዲ ዘረጋልኝ የማነጣጠሪያ ዓይን፤
አንዱ ለጠመንጃ ነው፣ ሩቁን የሚያቀርብ፣
አንዱ ለሽጉጥ የሚሆን፣ መስታወት ከነነጥብ።

«ምንድን ነው የምትጠብቅ?» አለኝ። «መዋዕለ ሕፃናት፤
ከበሩ እስከ ጎዳናው ሃያ እርምጃ ነው ርቀት።»
«እንግዲያ አቅራቢውን ተው፣ ሩቅ ምን ያደርግልሃል?
ነጥቡን ያዝ፤ ሁለት ዓይንህን ግለጥ፣ ራሱ ይመጣል።»

አባቴ በአርማጭሆ፣ ውጅግራውን ታቅፎ፣
«አንዱን ጨፍን» ይለኝ ነበር፣ ትንፋሹን ቆልፎ።

ገለጥኩ። ቀይዋ ነጥብ ግን ተሰንጥቃ ሁለት ሆነች፤
ሁለቱም ወለዱ። አራት። ከወረቀቱ ሰው ደረት ቆመች፣
ዓረፍተ ነገር እንደሚዘጋ፣ ከዚያ ወዲያ ቃል እንደሌለ።
«ዕቃህ ተበላሽቷል» አልኩት። አርካዲ ሳቅ አለ፤
ስልኩን ከመስታወቱ ኋላ ደግኖ ፎቶ አነሳ፦
አንዲት ክብ ነጥብ፤ ቅንጣት የሌለባት አበሳ።

«መስታወቱስ ደህና ነው» አለ፤ «ጠማማው ያንተ ዓይን ነው።
ይህ ነገም አለ፤ ዛሬ ግን መንገድህ ወደ ሐኪም ነው።»

በር ላይ ስንት ዓመት ቆሜ፣ ስንቱን ሰው በዚህ ዓይን መዘንኩ!
ገንዘቤን ወደ ኪሴ መለስኩ፣ ቀጠሮ ያዝኩ።

ከሰዓት ልጆቹ ሲወጡ አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው፤
አሥራ ዘጠኝ ነበሩ። ደግሜ ቆጠርኳቸው።